ስልክን በፎይል ሳጥን ውስጥ፦ ሲግናልን በእርግጥ የሚያግደው ምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬውን ዝግጅት ብቻዬን አቀርባለሁ፤ ርዕሱም ስልክንና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ከሲግናል የሚጋርድ፣ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ከፎይልና ከቆርቆሮ ሊሠራው የሚችል ሳጥን ነው። መደበኛ ስሙ የፋራዴይ ኬጅ ነው። ስልኩን በፎይል የሚጠቀልል ሰው በብዙዎች ዘንድ የሚታየው ጥላውን እንደሚፈራ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝ ግን ፍርሃት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው፤ ስልኬ «ከኔትወርክ ተቋርጫለሁ» ሲለኝ እውነቱን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ኤርፕሌን ሞድን እናስብ። ምልክቱን ስንነካው ከስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ብቅ ትላለች፤ እኛም ጉዳዩ እንዳበቃ እንቆጥረዋለን። ነገር ግን በብዙ ስልኮች ላይ ኤርፕሌን ሞድ በርቶ እያለ ብሉቱዝና ዋይፋይ በሥራ ላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ስልኩን ጨርሶ ማጥፋትም ቢሆን የተሟላ መልስ አይደለም፤ አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ካወጣው፣ አይኦኤስ 15 ከተባለው የአይፎን ሶፍትዌር ጀምሮ ብዙዎቹ አዳዲስ አይፎኖች ከጠፉም በኋላ ያሉበት ቦታ እንዲገኝ የሚያደርግ ደካማ ምልክት ማሰራጨታቸውን ይቀጥላሉ። ይህ ለጠፋ ወይም ለተሰረቀ ስልክ ግሩም አገልግሎት ነው፤ ባለቤቱ ከፈለገም ሊያጠፋው ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱም አጋጣሚዎች ምስክሩ ራሱ ተጠያቂው መሆኑ ነው። ስልኩ ዝም ማለቱን የሚነግረኝ ስልኩ ነው። የብረት ሳጥን ግን ከሶፍትዌሩ ምንም ቃል አይጠብቅም፤ ማገዱንም አለማገዱንም ከውጭ ሆኜ በራሴ እጅ ልፈትነው እችላለሁ። ከዚህ ሳጥን ውስጥ የማከብረው ነገር ይህ ነው፤ ያልተፈተነ ከሆነ ደግሞ ጌጥ ብቻ ነው።

የፈጠራው ባለቤት ማይክል ፋራዴይም ያደረገው ይህንኑ ነው። የመጽሐፍ ጠራዥ ረዳት ሆኖ ሥራ የጀመረው ይህ እንግሊዛዊ በ1836 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ እያንዳንዱ ጎኑ 12 ጫማ፣ ማለትም ከ3 ሜትር ተኩል በላይ የሆነ ክፍል ከእንጨት አቆመ፤ በመዳብ ሽቦ፣ በወረቀትና በስስ የብረት ልባስ ሸፈነው፤ ከመሬትም ለየው። ከዚያም ከውጭ በኩል ብልጭታ እስኪረጭ ድረስ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሞላ አደረገና ራሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የበራ ሻማና ኤሌክትሮሜትር የሚባሉ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ይዞ የኤሌክትሪክን ምልክት በየማዕዘኑ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም። ሊቁ ከውጭ ቆሞ በሒሳብ መተማመን ይችል ነበር፤ እሱ ግን ውስጥ ገብቶ ማየትን መረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሳጥኑ የግድ ከመሬት ጋር በሽቦ መያያዝ እንዳለበት ብዙ ጊዜ ሲነገር እሰማለሁ። የሬዲዮ ሞገድን ለማገድ ይህ አያስፈልግም፤ የፋራዴይ ክፍልም ከመሬት የተለየ ነበር። እንዲያውም ከሳጥኑ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚዘልቅ ማንኛውም ሽቦ ጉዳት አለው፤ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ በቀዳዳ የገባ ገመድ ከውጭ የተቀበለውን ሞገድ እንደ አንቴና ይዞ ይገባል። በሲግናል የተከለሉ የቤተ ሙከራ ክፍሎች የመብራት መስመራቸውን ሳይቀር በልዩ ማጣሪያ የሚያሳልፉት ለዚህ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በብረት ውስጥ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ሞገድ ብረቱን ሲመታው ኤሌክትሮኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ንቅናቄያቸውም ከመጣው የኤሌክትሪክ መስክ ጋር የሚቃረን ሌላ መስክ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ሲጠፋፉ ወደ ውስጥ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ወፍራም ብረት አያስፈልግም። ስልኮች በሚጠቀሙበት የ1 ጊጋኸርዝ አካባቢ ድግግሞሽ (ድግግሞሽ ማለት ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት ነው)፣ ሞገዱ አልሙኒየም ውስጥ 3 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 3 የሚሊሜትር ሺኛ እንኳ ሳይገባ ብርታቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ተራው የወጥ ቤት ፎይል ደግሞ 15 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት አለው። ስለዚህ አንድ ንብርብር ፎይል በቂ ነው፤ ሰዎች አምስት ስድስት ጊዜ ጠቅልለውም ስልኩ የሚጮኸው የፎይሉ ውፍረት አንሶ ሳይሆን መጋጠሚያው ተከፍቶ ነው።

መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነውና። በሳጥኑ ገጽ ላይ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ስንጥቅ ሲገጥመው መንገዱ ይቋረጣል፤ ስንጥቁ ራሱም እንደ አንቴና ሆኖ ሞገዱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር ወሳኙ የስንጥቁ ስፋት ሳይሆን ርዝመቱ መሆኑ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ኔትወርክ የሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በ1800 ሜጋኸርዝ 17፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ 12.5፣ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 6 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ስንጥቁ የሞገዱን ግማሽ ያህል ከረዘመ ሞገዱ በምቾት ያልፋል። እንግዲህ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ፀጉር የማታስገባ፣ ነገር ግን 8 ሴንቲሜትር የምትረዝም ክፍተት ለ1800 ሜጋኸርዝ ክፍት በር ናት። በአንጻሩ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት በዓይን የሚታዩ ብዙ ቀዳዳዎች እያሉት ያንኑ ሞገድ ያግዳል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከሞገዱ አንጻር ኢምንት ነውና።

የብስኩት ጣሳን ለምሳሌ እንውሰድ። ክዳኑ ግጥም ብሎ ይዘጋል፤ ለዓይን ምንም እንከን የለውም። ነገር ግን ጣሳው ከውጭ ቀለም የተቀባ፣ ከውስጥም ብዙ ጊዜ በማይታይ ስስ ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ፣ ክዳኑና አፉ የሚነካኩት ቀለም ለቀለም እንጂ ብረት ለብረት አይደለም፤ ለሞገዱ ዙሪያውን በሙሉ ክፍተት ነው ማለት ይቻላል። መፍትሔው የጣሳውን አፍ ዙሪያና የክዳኑን ውስጠኛ ጠርዝ ነጩ ብረት እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ከዚያ በኋላም ክዳኑ አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚነካ ከሆነ፣ ሙጫው ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የመዳብ ፕላስተር በጠርዙ ዙሪያ ይለጠፋል። ተራ ፕላስተር ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሙጫው ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በሁለት ፎይሎች መካከል ከገባ ይለያያቸዋል እንጂ አያገናኛቸውም። በፎይል ብቻ የሚሠራ ሰው ደግሞ ጠርዙን እንደ ልብስ ጠርዝ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፎ በጥፍሩ አጥብቆ መጫን አለበት። ስልኩም ባዶውን ከብረቱ ጋር እንዳይነካካ በጨርቅ ወይም በካርቶን ቢለበስ ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ስልኩ ሲጮህ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ዲሲቤል የሚባለውን፣ የሲግናል ኃይል ምን ያህል እንደቀነሰ የሚገለጽበትን መለኪያ ማወቅ ይጠቅማል። በየ10 ዲሲቤሉ ኃይሉ በ10 እጥፍ ይቀንሳል፤ 20 ዲሲቤል ሲሆን አንድ መቶኛ፣ 60 ሲሆን አንድ ሚሊዮንኛ ይቀራል። ከኔትወርክ ማማ አጠገብ ያለ ስልክ የሚቀበለው ሲግናል ከዜሮ በታች 50 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል በዲሲቤል የሚነገርበት አሃድ) ሊሆን ይችላል፤ ስልኮች ደግሞ ከዜሮ በታች እስከ 110 ዲቢኤም ገደማ ወርዶም ቢሆን ሲግናሉን ይይዙታል። በሌላ አነጋገር ከመቶው 99 እጁን የሚያግድ ሳጥን፣ ማለትም ባለ 20 ዲሲቤሉ፣ ስልኩን የሚያወርደው ከ50 ወደ 70 ብቻ ነው፤ በ70 ደግሞ እያወሩ መዋል ይቻላል። 99 ከመቶ ሲባል ፍጹም የሚመስለን በሌላ ጉዳይ ላይ ነው፤ እዚህ ግን ገና ጅማሮ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ብዙ ጊዜ የሚጮኸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ምድጃው ሰውን ለመጠበቅ የሚበቃ ያህል ያግዳል፤ ለስልኩ የሚበቃው ሲግናል ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የስልኩ መጮህ ምድጃው ብልሹ መሆኑን አያሳይም። ይህን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ምድጃውን ከሶኬት ይንቀል።

ታዲያ ሳጥኑ እንዴት ይፈተናል? አብዛኛው ሰው ስልኩን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ይደውልለታል። ስልኩ ከጮኸ ሳጥኑ ወድቋል፤ ካልጮኸ ግን ፈተናው ገና አላለቀም፤ ያ ቦታ ኔትወርኩ የደከመበት ሊሆን ይችላል። እኔ የምመርጠው የሲግናሉን መጠን በዲቢኤም የሚያሳይ መተግበሪያ ከፍቶ፣ የስልኩን ስክሪን መቅጃ አብርቶ፣ ስልኩን ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየትና ከዚያ ቪዲዮውን ማየት ነው። ክዳኑ ሲከደን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከ71 ወደ 88 ሲወርድና እዚያው ሲቆም፣ ክዳኑ በመዳፍ ጫን ሲባል ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ 109 ሲወርድና ኔትወርኩ ሲጠፋ ማየት፣ ችግሩ ያለው ከመጋጠሚያው ላይ መሆኑን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳምናል።

ያም ሆኖ ይህ ቪዲዮ አሁንም የስልኩ የራሱ ቃል ነው፤ ስለዚህ የውጭ ምስክር እጨምርበታለሁ። ከሳጥኑ አጠገብ በተቀመጠ የብሉቱዝ ስፒከር ሙዚቃ እያጫወቱ ክዳኑን መዝጋት ነው። ሙዚቃው ካልተቋረጠ ሳጥኑ ያፈስሳል፤ ክርክር የለውም። ዋይፋይና የስልክ ኔትወርክ በተለያየ ድግግሞሽ ስለሚሠሩ አንዱን ያገደ ሳጥን ሌላውን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ለየብቻ መፈተን አለባቸው።

የፎይል ከረጢት የተጠራጣሪዎች መጫወቻ ብቻ ነው ለሚል ሰው የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላስታውሰው። ፍርድ ቤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ራይሊና ካሊፎርኒያ በተከራከሩበት መዝገብ ላይ፣ ፖሊስ የተያዘን ሰው ስልክ ለመበርበር በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያስፈልገው ወሰነ። ፖሊሶች ትእዛዙ እስኪመጣ ድረስ የስልኩ መረጃ ከርቀት ሊጠፋ ይችላል የሚል ስጋት ስለነበራቸው፣ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በጻፉት ውሳኔ ላይ ስልኩን ማጥፋት ወይም ፋራዴይ ከረጢት ውስጥ መክተት እንደሚቻል አመለከቱ፤ ከረጢቱንም ርካሽ፣ ቀላልና ለአጠቃቀም ምቹ የሆነ የፎይል ከረጢት አድርገው ገለጹት።

የሳጥኑን ወሰን ግን ማወቅ ያሻል። ሳጥን ውስጥ የገባ ስልክ አልሞተም፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ የእንቅስቃሴ መለኪያው ይመዘግባል፣ ማይክሮፎኑም ሊሠራ ይችላል። የተመዘገበው ሁሉ ስልኩ ከሳጥኑ በወጣ ማግስት ሳይሆን በወጣ ቅጽበት ሊላክ ይችላል። የኔትወርክ ድርጅቱም ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ማማና ሰዓት በመዝገቡ ይዟል። ሳጥኑ ያቆማል እንጂ አይሰርዝም። በተጨማሪም ኔትወርክ ያጣ ስልክ ደጋግሞ በከፍተኛ ኃይል ስለሚፈልግ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ኤርፕሌን ሞድን አብርቶ መክተት ይህን ያቃልላል። የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ስልኩን እዚያ ማስቀመጥ እንደሌለበት ግልጽ ነው።

ስልካቸውን ከፀሐይ ማዕበል ለመጠበቅ ሳጥን የሚሠሩም አሉ። በዚህ አልስማማም። መጋቢት 1989 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ኩቤክ 6 ሚሊዮን ሰዎችን ለ9 ሰዓታት ያህል መብራት ያሳጣው የፀሐይ ማዕበል ጉዳቱን ያደረሰው በረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች በኩል ነው፤ ከሶኬት የተነቀለ ስልክ የሚያሰጋው ነገር የለም። የኑክሌር ፍንዳታ የሚፈጥረው ድንገተኛ ምት ከዚህ የተለየ ነው፤ ሐምሌ 9 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ 400 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ያፈነዳችው ቦምብ ከ1,400 ኪሎሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ሃዋይ የመንገድ መብራቶችን አጥፍቷል። ለእንዲህ ያለው ምት የብረት ሳጥን ትርጉም አለው፤ ማማዎቹ ካልሠሩ ግን የዳነው ስልክ ለማን እንደሚደውል አላውቅም።

በቤት የተሠራ ሳጥን ከሁሉ በላይ የሚሳካለት ለመኪና ቁልፍ ይመስለኛል። ያለ መጫን በሩን የሚከፍቱ ቁልፎች የመኪናውን ጥሪ የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርዝ ሲሆን፣ የሚመልሱት በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ ነው። ሌቦች ቤት ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሲግናል በመሣሪያ ተቀባብለው መኪናው ድረስ ያደርሱታል። ስስ ፎይል ዝቅተኛውን ድግግሞሽ በደንብ አያግድም፤ ቁልፉ ጥሪውን ሊሰማ ይችላል። መልሱ ግን ከሳጥኑ አይወጣም፤ ያ ደግሞ ይበቃል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ቁልፉን የያዘውን ጣሳ ይዞ ከመኪናው በር አጠገብ ቆሞ እጀታውን መሳብ ነው። በሩ ከተከፈተ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደገና አንሡ። ካልተከፈተ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ያለውን መለዋወጫ ቁልፍም አብራችሁ ጣሳው ውስጥ ክተቱት፤ ሌባው የትኛው ቁልፍ እንደመለሰለት አይመርጥም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።