ቮልስ ተጭኖ አይመጣም

ውድ የክለባችን አባላት፣ ቤተሰቦቻችሁ፣ ከሌሎች የቆዩ መኪኖች ክለቦች የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ኮሚቴው የክለባችንን ታሪክ እንዳቀርብ ነው የጠየቀኝ። አቀርባለሁ። ግን ዛሬ ከሰዓት ድምፅ የምንሰጥበት የደንብ ማሻሻያ አለ፤ በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ ቮልስም ለውድድር ይቅረብ የሚል። ታሪካችንን ከዚህ ጉዳይ ለይቼ ማውራት አልችልም፤ ምክንያቱም ይሄ ክለብ የተመሠረተው መንገድ ዳር ነው።

የቆያችሁት ታውቁታላችሁ፣ ለአዲሶቹ ልድገመው። ያኔ ክለብ የሚባል ነገር የለም። አምስት ቮልስ ነበርን። መንገድ ላይ ስንተላለፍ ክላክስ የምንነፋፋ፣ መለዋወጫ ፍለጋ ስንዞር የምንገናኝ ሰዎች ነን እንጂ የቅርብ ጓደኛሞች እንኳን አልነበርንም። አንድ እሁድ አብረን እንውጣ ተባባልን፣ ወጣን። ረጅም ዳገት ላይ ሳለሁ የዲናሞው ቀይ መብራት በራብኝ። ባትሪ አይሞላም ማለት ነው፣ ስደርስ አየዋለሁ ብዬ ቤንዚን ረግጬ ቀጠልኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሰው፣ በኋላ የመጀመሪያው ሊቀመንበራችን የሆኑት፣ መብራት ቢያበሩ ቢያጠፉ፣ ክላክስ ቢነፉ አልሰማ ስላቸው ቀደሙኝና መንገድ ዘጉብኝ። እየሮጡ መጡ። "ሞተሩን አጥፋ! አሁኑኑ አጥፋ!"

የኋላውን ኮፈን ስንከፍት ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ የለም። የተበጣጠሰ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል፣ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ቮልስ ውሃ የላትም፣ ራዲያተር የላትም። የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር አንድ ዘንግ ላይ ነው ያለው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ያ አንድ ቺንጋ ነው። እሱ ሲበጠስ ባትሪ መሙላት ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ሞተሩ ትንፋሽ ያጣል። ይሄን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ሰውዬው ካቻቢቴያቸውን ከዲናሞው ፑሊ፣ ቺንጋው ከሚዞርበት ክብ ብረት፣ ጥርስ ውስጥ ሰክተው አስደገፉና በ21 ቁልፍ ዳዶውን ፈቱት። ፑሊው ለሁለት ይከፈላል፤ በመሃሉ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። መዳፌ ላይ አንድ በአንድ እያስቀመጡ ቆጠሩልኝ። ከመሃል ሲቀነስ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። የተረፉትን አልጣሏቸውም፣ ከፑሊው ውጪ፣ ዳዶው ሥር መልሰው አሰሯቸው። "ነገ ትፈልጋቸዋለህ" አሉኝ። አዲሱን ቺንጋ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ገባ ሲል "በቃ" አሉ።

ሁላችንም ከነቤተሰባችን ዙሪያውን ቆመን ነበር። የቺንጋው ካርቶን ጀርባ ላይ ስማችንንና የሻንሲ ቁጥራችንን ጻፍን። ከሥሩ አንድ መስመር ተጨመረች፦ "አባል የሚሆን እየነዳ ይምጣ።" ያ ካርቶን ዛሬም መዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተለጥፏል፣ ሄዳችሁ እዩት። ለብዙ ጊዜ ሌላ ደንብ አልነበረንም። አላስፈለገንምም።

አሁን ወደ አምናው ውድድር ልምጣ። በር ላይ ቆሜ ስቆጥር ከግማሽ በላዩ መኪና ተጭኖ ነው የመጣው። ቅር አለኝ፣ ግን ዝም አልኩ። አንደኛ የወጣችው ቮልስ ግን ዝም አላሰኘችኝም። ቀለሟ መስታወት ነው፣ ኒኬሉ ፊት ያሳያል። ለሽልማት ወደ መድረኩ ትቅረብ ሲባል ባለቤቱ ቁልፍ ቢያዞር እምቢ አለች። አራት ሆነን ገፋናት። የግራው የኋላ ጎማ ፍሬኑ ይዞት አልዞር አለ፤ ሳሩን እያረሰ ተጎተተ። ካርቡራተሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቤንዚኑ ደርቆ ቡናማ ሙጫ ሆኗል፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ፍሬኑም ያው ነው፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ መኪናው ቆሞ ሲከርም ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ይሠራል፣ ፒስተኑ ይጣበቃል። ያቺ መኪና በየጊዜው ብትነዳ ኖሮ እዚህ ደረጃ ባልደረሰች!

እኛ ደግሞ ዋንጫ ሰጠናት! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ምኑን ነው የሸለምነው? ቀለሙን ነው። ሰው መኪናውን ጋራዥ ውስጥ በጨርቅ ሸፍኖ እየገደለ፣ እኛ አጨብጭበን አደፋፈርነው። አሁን ደግሞ በክለባችን ደንብ እናጽድቀው እየተባለ ነው። እኔ እጄን አላወጣም!

ፊቫን የምትጠቅሱልኝ አላችሁ፣ ዓለም አቀፉን የቆዩ መኪኖች ፌዴሬሽን። እውነት ነው፣ ፊቫ ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ ይዞታው የተጠበቀውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውለውን ነው። እኔስ መቼ በየቀኑ ሥራ ሂዱባት አልኩ? የዕለት መጓጓዣ አትሁን ማለት አትንቀሳቀስ ማለት ነው ያለው ማነው? ትጫራለች ትላላችሁ። ትጫር! ጭረት ይቀባል።

የቮልስን የራሷን ታሪክ አስቡት እስቲ። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ ጀርመን ያለው የቮልስ ፋብሪካ፣ የቮልፍስቡርጉ፣ በቦምብ ተመትቶ ነበር፣ ዕጣ ፈንታውም አልታወቀም። ኢቫን ሂርስት የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ አንዲት ቮልስ አረንጓዴ አስቀብቶ ለጦሩ ዋና መምሪያ አሳየ። ወደዷት፣ 20,000 አዘዙ። ፋብሪካው ነፍስ የዘራው አንዲት መኪና ሄዳ ስለታየች ነው! ከዚያ በኋላ ማን አቆማት? ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 ላይ 15,007,034ኛዋ ስትወጣ የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ብዛት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ጁላይ 30 ቀን 2003 ተሠራች፤ ቁጥሯ 21,529,464። እሷ ቮልፍስቡርግ ሙዚየም ገብታለች። እሷ ትቀመጥ፣ የመጨረሻዋ ናት። የእኛዎቹ ግን የመንገድ መኪኖች ናቸው።

ሌሎች ጉዳዮችም አሉኝ፣ ባጭሩ ልበላቸው። መለዋወጫ እየጠፋ ነው፤ አንድ ላይ እንግዛ፣ አንድ ቦታ እናስቀምጥ። መዝገቡ ላይ የሻንሲ ቁጥራችሁን ያላስሞላችሁ ዛሬ አስሞሉ። ቫልቭ ማስተካከል መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ካሉ በእረፍት ሰዓት ያግኙኝ።

የመጀመሪያው ሊቀመንበራችን ዛሬ በሕይወት የሉም። ቮልሳቸውን ግን ልጃቸው እየነዳች መጥታለች፣ መኪናዋ ውጪ ቆማለች። እዚህ ስትደርስ ሞተሩን ከፍቼ ቺንጋውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አየሁት። ልክ ነው። የተረፉት ሮንዴላዎችም ዳዶው ሥር አሉ።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ወጣ ብላችሁ እዩዋት። የፊታችን እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚሁ በር እንነሳለን። ትርፍ ቺንጋ፣ 21 ቁልፍና ካቻቢቴ ያዙ። ቺንጋ ያጣ ካለ እኔ ጋ ሁለት ትርፍ አለ።