«ምክንያቱም» የሌለው የሐኪም ደብዳቤ

ሄለን፦ ዛሬ በአሜሪካ ሠራዊት ያገለገሉ ወገኖቻችንን ጉዳይ ነው የምናነሳው። ቋንቋ ወይም የሕክምና ሙያ ያላቸውን ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች ይመለምል በነበረው ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም ጊዜ አማርኛ ራሱ ሠራዊቱ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ ነበር።

ዮናስ፦ አዎ፣ ብዙዎቹ አሁን ወጥተዋል። ጉልበት ያማል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ እንቅልፍ የለም። ቬተራኖችን፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮችን የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ቪኤ ጋ የጉዳት ክሌም፣ የካሳ ጥያቄ ማለት ነው፣ ያስገባሉ። ከወራት በኋላ «ሕመሙ ከአገልግሎትዎ ጋር መያያዙ አልተረጋገጠም» የሚል ፖስታ ይመጣል።

ሄለን፦ መታመሙን አልካዱም እኮ።

ዮናስ፦ አልካዱም! ሰው ግን ተናዶ ሌላ ኤምአርአይ ተነስቶ ይልካል። ጉልበቱ መጎዳቱን እኮ አምነዋል። ሦስት ነገር ነው የሚፈለገው፦ አሁን ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ጊዜ የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም አስተያየት። ይህን ሦስተኛውን ነው ኔክሰስ ሌተር የሚሉት።

ሄለን፦ ቪኤ ራሱ ሐኪም ጋ ይልካቸው የለ? ሲ ኤንድ ፒ የሚሉት ምርመራ?

ዮናስ፦ ይልካል፣ በነፃ። ብዙ ጊዜ በኮንትራት የሚሠራ ሐኪም ነው። አንዳንዱ አሳምሮ ይጽፋል። አንዳንዱ ቶሎ አይቶ «አይያያዝም» ብሎ ይዘጋዋል። ያኔ የግል ሐኪም አስተያየት ማቅረብ መብት ነው። ቪኤም ካልተቀበለው ለምን እንዳልተቀበለ መጻፍ አለበት።

ሄለን፦ ለዓመታት ያከመኝ ሐኪም ከሆነማ የበለጠ ይሰሙታል፣ አይደል?

ዮናስ፦ የሚገርመው፣ አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ ድሮ ለአካሚው ሐኪም ቅድሚያ ይሰጥ ነበር፤ ቪኤ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለውም። የቬተራኖች ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2008 ነገሩን ለይቶታል፤ ሐኪሙ መዝገቡን ማገላበጡ ብቻውን ዋጋ አይሰጠውም፣ ክብደቱ ያለው የሰጠው ምክንያት ላይ ነው ብሏል።

ሄለን፦ እስቲ በምሳሌ።

ዮናስ፦ እንበል ልጁ አየር ወለድ ነበር። በፓራሹት ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ተጣመመ። ሐኪሙ «የጉልበቱ ሕመም በውትድርና የመጣ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይፈርምለታል። በቃ፣ ይቺ ደብዳቤ ከንቱ ናት።

ሄለን፦ ላይሆንም ይችላላ!

ዮናስ፦ አዎ። ሕጉ እኮ እርግጠኛ ሁን አላለም። የመሆን ዕድሉ ቢያንስ 50 በመቶ ከሆነ ይበቃል፤ ማስረጃው እኩል ለእኩል ከሆነ ለቬተራኑ ይወሰናል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ፈራ ተባ እያለ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ቀድሞ መንገር ነው፤ «ዶክተር፣ መቶ በመቶ ይበሉ አላልኩም፤ ቢያንስ 50 በመቶ ነው ብለው ያምናሉ?»

ሄለን፦ አምናለሁ ካለስ?

ዮናስ፦ ከዚያ «ምክንያቱም» ይምጣ። «መዝገቡን አይቻለሁ። በ2012 ከዝላይ በኋላ ጉልበቱ አብጦ ታክሟል። ከዚያ በፊት የጉልበት ችግር አልተመዘገበለትም። እንዲህ ያለ ጉዳት ከዓመታት በኋላ አርትራይተስ ማምጣቱ የታወቀ ነው።» አየሽ? በኋላ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ከሆነም ይጻፍ፤ ለምን ዋናው መንስኤ እንዳልሆነ ያስረዳ። ዘሎት ካለፈ የቪኤ ሐኪም ያነሳዋል።

ሄለን፦ የእኛ ሰው ደግሞ ወታደር ቤት እያለ ሐኪም ጋ አይሄድም። «ምንም አልሆንኩም» ባይ ነው።

ዮናስ፦ በጣም! ግን መዝገብ የለም ማለት ክሌሙ ሞተ ማለት አይደለም። የራሱ ቃል፣ አብሮት ያገለገለ ጓደኛው ቃል፣ ስታነክስ አይቼ ነበር የምትል ሚስቱ ቃል ማስረጃ ነው። ሐኪሙም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሊጽፍ ይችላል።

ሄለን፦ ክፍያውስ? «መቶ ፐርሰንት የጉዳት ደረጃ እናስወጣልሃለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል።

ዮናስ፦ ከእነሱ መራቅ ነው። ሐኪም ለድካሙ ቢያስከፍል ነውር የለውም። ፐርሰንት ቃል የሚገባልህ፣ ከምታገኘው ላይ አካፍለኝ የሚልህ ግን ሌላ ነገር ነው። ለመጀመሪያ ክሌም እውቅና ያለው ጠበቃ እንኳ ማስከፈል አይፈቀድለትም። ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሌጅን፣ ቪኤፍደብልዩ የሚባሉት የቬተራን ማኅበራት በነፃ ያግዛሉ። ደግሞ ከመክፈል በፊት ፓክት አክትን ማየት ነው። ይህ የ2022 ሕግ ነው። ኢራቅ፣ አፍጋኒስታን የቆሻሻ ቃጠሎ ጭስ ሲምጉ ለከረሙት አንዳንድ ካንሰሮችና የመተንፈሻ ሕመሞች ከአገልግሎቱ እንደመጡ ይቆጠራሉ። ለእነዚያ ኔክሰስ ሌተር መግዛት ብር ማባከን ነው።

ሄለን፦ አንዴ የተከለከለ ሰውስ?

ዮናስ፦ አዲሱን ደብዳቤ ይዞ ሰፕልመንታል ክሌም፣ በአዲስ ማስረጃ እንደገና የሚቀርብ ጥያቄ ማለት ነው፣ ያስገባል፤ ቅጹ 20-0995 ነው። ውሳኔው በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካስገባና ከተፈቀደለት፣ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ክሌም ጀምሮ ይታሰብለታል። ዓመቱ ካለፈ ያ የኋላ ብር ይቀራል።

ሄለን፦ እኔ የማውቃቸው ሰዎች ያን ፖስታ ማይክሮዌቭ ላይ ነው የሚቆልሉት።

ዮናስ፦ ያውርዱትና የከለከሉበትን ምክንያት ያንብቡ። ወረቀቱንም፣ የሲ ኤንድ ፒ ሪፖርቱንም ይዘው ሐኪሙ ጋ ይሂዱ። ደብዳቤው መልስ መስጠት ያለበት እዚያ ለተጻፈው ነው።