ሜዳ ከመግባታችን በፊት ውሉን እንክፈት

የተከበራችሁ የጎንደር የመኪና ወዳጆች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ደህንነት ተናገር ብለውኛል፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴን ሲበላኝ የከረመውን ላውጣው። ለመዝናናት ሜዳ ገብተን በፍጥነት ስንነዳ መኪናችን ብትጎዳ ማን ይከፍላል?

የአጎቴን ልጅ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያቺን ነጭ ኮሮላ በስንት ልፋት እንደገዛትም ታውቃላችሁ። ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቶላታል፤ አረቦኑን አንድ ዓመት እንኳ አላዛነፈም። አዲስ አበባ ሄዶ ጓደኞቹ በተዘጋ ሜዳ ባዘጋጁት የመንዳት ቀን ተሳተፈ። ሰዓት የሚይዝ የለም፣ ዋንጫ የለም። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማዋ ከዳው፤ ከግንቡ ጋር ተላተመ። ኮፈኗ ተጣጥፎ መስታወቱ ድረስ መጣ። ራዲያተሯ ተቀዶ አረንጓዴው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ተዘረገፈ። እሱ ግን፣ ተመስገን ነው፣ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ኢንሹራንሱ ጋ ሄደ። «የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አምጣ» አሉት። አደጋው የደረሰው መንገድ ላይ አይደለም፤ ሪፖርቱን ከየት ያምጣ? ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ሲሉት ከረሙ። በመጨረሻ ውሉን ገልጠው በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት መስመር አሳዩት፦ መኪናው ለእሽቅድምድም ወይም ለፍጥነት ሙከራ ከዋለ ሽፋን የለም። «ኧረ እኔ ከማንም ጋር አልተሽቀዳደምኩም» ቢል ማን ይስማው! ኮሮላዋ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆማለች።

መስመሯ ውሉ ላይ አለች፤ አልክድም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሲያዋውሉት ለምን አላሳዩትም? ሙሉ ሲሉት ሙሉ መስሎት ነው የፈረመው። አረቦን ሲቀበሉን በአማርኛ፣ ካሳ ሲከለክሉን በእንግሊዝኛ! እስከ መቼ?

እንግሊዝ አገር ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ የትራክ፣ ማለትም በተዘጋ የመንጃ ሜዳ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን፣ የኢንሹራንስ ሽፋን አለ። የመኪናዋ ዋጋ አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ድርሻ ባለቤቱ ይችላል፤ የተረፈውን ኢንሹራንሱ ይከፍላል። የሌላ ሰው መኪና ብትመታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ጀርመን ኑርቡርግሪንግ የሚባል ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ትራክ አለ። ማንም ከፍሎ በገዛ መኪናው ይነዳበታል። የዳሩን ብረት የገጨ ግን የብረቱም ሂሳብ ይመጣበታል። እዚያ ሰው ዕዳውን አውቆ ነው የሚገባው።

እኛስ? የአንድ ቀን ሽፋን ሽጡልን፣ ዋጋውን ንገሩን እንበላቸው። አንከፍልም ያለ የለም! መስታወታችን ላይ የተለጠፈችው ሶስተኛ ወገን እንደሆነ በሌላው ላይ ላደረስነው ጉዳት ናት፤ የራሳችንን ላሜራና ቀለም አትችልም።

ስለ ደህንነቱ፦ ሄልሜት አድርጉ፣ ፍሬናችሁን አስፈትሹ፣ ልጆች ከኩርባው ይራቁ።

ለኢንሹራንሶቹ የምንልከው ደብዳቤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስትወጡ አንብባችሁ ፈርሙ። ውላችሁን የያዛችሁ ደግሞ ቅሩ፤ ያቺን መስመር አብረን እንፈልጋታለን።

አመሰግናለሁ።