«ዶክተር፣ ስንት ቀን ነው?»

(ለጤና ሳይንስ ተመራቂ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር፣ ጎንደር)

የተከበራችሁ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ መምህራንና የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ስጋበዝ «በሆስፒታላችን ስለታዩ የሕክምናና የምርምር ለውጦች ሃያ ደቂቃ ተናገር» ተባልኩ። ሃያ ደቂቃ ለሐኪም ብዙ ነው። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ በሃያ ደቂቃ ስንት ካርድ እንደምናነሳ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ሁሉንም ልንካ ብል አንዱንም አልጨብጥም። ስለዚህ አንድ በሽታ መርጫለሁ፤ ካላዛር። አንድ ጥያቄም ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄው የአንድ ታካሚ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ከመተማ መጣ። ተወላጅነቱ በለሳ ነው፤ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ቆላ የወረደ የቀን ሠራተኛ። ሆዱ ተነፍቷል፣ እጅና እግሩ እንጨት ሆኗል። ትኩሳት ከያዘው ሁለት ወር አልፎታል። እኛ ጋ እስኪደርስ ሦስት ቦታ ታይቶ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ውጧል። ጣፊያውን ስዳብስ እምብርቱ ድረስ ወርዶ አገኘሁት። ምርመራው ካላዛር አለ። በሽታው ካልታከመ እንደሚገድል፣ ከታከመ እንደሚድን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ዶክተር፣ ስንት ቀን ነው?»

«ሠላሳ ቀን። በየቀኑ መርፌ አለው» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መርፌውን የፈራ መሰለኝ። ልጁ ለካ ሒሳብ እየሠራ ነበር። ሠላሳ ቀን ማለት አጨዳው አለቀ ማለት ነው። ሰሊጥ እንደሆነ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ ሳጥኑ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። እናቱ ደግሞ ብር ትጠብቃለች።

ያኔ ወጣት ሐኪም ነበርኩ። ስለ መድኃኒቱ የማውቀው ምን ያህሉን እንደሚያድን ነበር። የሚፈጀው ቀንም የመድኃኒቱ አንድ ባሕርይ መሆኑን ያስተማረኝ ያ ልጅ ነው። ዛሬ የምነግራችሁም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ሠላሳው ቀን እንዴት እየቀነሰ እንደመጣ።

ለወላጆች በሽታውን ባጭሩ ላስረዳ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከቢንቢ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም። በመተማና በሁመራ ቆላ ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጣጠቅ አይታችኋል? እግር የሚውጥ ስንጥቅ አለ። ያ ስንጥቅና የግራሩ ሥር ቤቷ ነው። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ቀን ሲያርም ውሎ ማታ ግራሩ ሥር ይተኛል። ከዚህ በላይ መገናኘት የት አለ? ተውሳኩ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኒ ውስጥ ይራባል። ትኩሳት፣ መክሳት፣ ደም ማነስ ይከተላል። በመጨረሻ ሰውየው ብዙ ጊዜ በሌላ ኢንፌክሽን ወይም በመድማት ይሞታል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ጥናቶቹ የተጻፉት በዚያ ስለሆነ ይቅርታ።

ይህ ተቋም በ1954 ሲመሠረት ምክንያቱ ትኩሳት ነበር። በደምቢያ ሜዳ የገባ ወባ ብዙ ሰው ፈጀ፤ ከዚያ በኋላ ነው የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ እዚህ የተከፈተው። እንግዲህ እኛ በወባ ምክንያት የተወለድን ሰዎች ነን። የወባ ልጅ ደግሞ ትኩሳትን ሁሉ ወባ ማለት ይቀናዋል። ቀልዴን አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሊቦ ከምከም ላይ፣ ከጣና ብዙ ሳይርቅ፣ ደጋ በሚባል አገር ሰው በትኩሳት ማለቅ ጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይመልሰው ወባ ነው። በ2005 ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው አለፈ። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ብለን ስለተማርን ደጋ ላይ አልፈለግነውም።

ወደ ቀኖቹ ልመለስ።

ያ ልጅ የወሰደው መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ይባላል። አንቲሞኒ ከሚባል ብረት ነክ ነገር የሚሠራ፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው። ያድናል። ግን ልብን፣ ቆሽትንና ጉበትን ይጎዳል። ኤች.አይ.ቪ. ባለበት ወይም ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ ሲሆንማ መድኃኒቱ ራሱ ሊገድል ይችላል። መርፌ የሚወጋው ነርስ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚወጋበት ቀን ነበር።

በ2003 የአራት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተመራማሪዎች ሊፕ የሚባል ኅብረት መሠረቱ። ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ኬንያና ኡጋንዳ ናቸው። ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልገው ዲ.ኤን.ዲ.አይ. ደገፋቸው። በአገራችን ጎንደርና አርባ ምንጭ የጥናት ማዕከል ሆኑ። የመጀመሪያው ሐሳብ ቀላል ይመስል ነበር። ሕንድ ውስጥ ፓሮሞማይሲን የሚባል ርካሽ መርፌ ለ21 ቀን ተሰጥቶ ከመቶ 94 ሰው አድኗል። እሱኑ እናምጣው ተባለ። መጣ። በተመሳሳይ መጠን፣ በተመሳሳይ ቀን ተሰጠ። እዚህ ያዳነው ከመቶ 64 ገደማ ብቻ ነው።

ሌላም ልጨምር። ሕንድ ውስጥ ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን የሚባለው ውድ መድኃኒት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን ተሰጥቶ ይበቃል። አንድ ቀን! ያን ልጅ አስቡት። እኛ ጋ ሲሞከር በቂ ሰው ስላላዳነ ጥናቱ ቀድሞ ተቋረጠ። ተውሳኩ በስም አንድ ነው፤ ሰውና አገር ግን ይለያል። ውጭ አገር የተፈተሸ መድኃኒት እያለ እዚህ ድጋሚ መመራመር ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው መልሴ እነዚህ ሁለት ጥናቶች ናቸው። ያልተሳኩ ጥናቶች ናቸው። በሥራ ዘመኔ የምኮራባቸውም እነሱ ናቸው፤ ሳይሞከሩ በመመሪያ ወርደው ቢሆን ኖሮ ስንቱን ሰው «ድነሃል» ብለን በሽታውን ይዞ እንሸኝ እንደነበር አስቡት።

የተሳካው ሁለቱን ማጣመር ነው። አሮጌው ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አብረው ለ17 ቀን ሲሰጡ ከመቶ 91 ሰው አዳኑ። የሠላሳ ቀኑን ያህል ማለት ነው። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ መከረው። 13 ቀን ቀነሰ። አጨበጨብን።

ታማሚዎቹ ግን ወዲያው አላጨበጨቡም። አንዱ ታማሚ ጣቱን እየቆጠረ አስረዳኝ፤ በፊት በቀን አንድ መርፌ ነበር፣ ሠላሳ። አሁን በቀን ሁለት ነው፤ 17 ሲባዛ በ2፣ 34። «ቀኑን ቀነሳችሁ፣ መርፌውን ጨመራችሁ» አለኝ። ልክ ነበር። ሥጋ ባለቀበት መቀመጫ ላይ 34 መርፌ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ መልስ የሆነው ሚልቴፎሲን ነው። መጀመሪያ ለካንሰር የታሰበ፣ በኋላ ለካላዛር የመጀመሪያው የሚዋጥ መድኃኒት የሆነ ካፕሱል ነው። እሱ ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን ተሰጥቶ በአራቱ አገሮች 439 ታማሚዎች ላይ ከ17 ቀኑ ሕክምና ጋር ተነጻጸረ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ አዲሱ ከመቶ 91፣ ነባሩ ከመቶ 92 አድኗል። እኩል ናቸው በሉት። መርፌው ግን ከ34 ወደ 14 ወረደ፤ መርዛማው አንቲሞኒም ቀረ። ሚልቴፎሲን ያስታውካል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም፤ እሱን አትርሱ።

አሁን ደግሞ ከመርፌው ነጻ የሚያወጣ፣ ኤል.ኤክስ.ኢ.408 የሚባል የሚዋጥ ዕጩ መድኃኒት በጥናት ላይ ነው። ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል። መድኃኒት ሆኖ ሲወጣ የተሻለ ስም ያገኝ ይሆናል። እስከዚያ ግን ዕጩ ነው፤ ታካሚ ሲጠይቃችሁ «መጣ» እንዳትሉ።

ኤች.አይ.ቪ. እና ካላዛር አብረው የያዙት ሰው ጉዳይ ለብቻው ነው። እነዚህ ታካሚዎች ድነው ይወጣሉ፤ ከወራት በኋላ ይመለሳሉ። ድነው ይወጣሉ፤ ይመለሳሉ። አንዳንዶቹን በስማቸው ሳይሆን «ደግሞ መጣህ?» በሚለው ሰላምታ ነበር የምንቀበላቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እዚህ ጎንደርና አብደራፊ በተደረገ ጥናት ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን ብቻውን የተሰጣቸው ታካሚዎች በመጀመሪያው ዙር ግማሾቹ ብቻ ከተውሳኩ ጸዱ። ከሚልቴፎሲን ጋር የወሰዱት ከመቶ 67 ሆኑ። ያልጸዱት አንድ ዙር ሲጨመርላቸው 88 ደረሰ። ታካሚዎቹ ብዙ አልነበሩም፤ ጥቂት አሥሮች ናቸው። ሆኖም በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ሲለውጥ ከተንተራሰባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። እዚህ ቆላ ጫፍ ላይ የተሞከረ ሕክምና ሩቅ አገር ያለ ሐኪም ያዝዘዋል።

እነዚያን ጥናቶች የሠሩት ባለሙያዎች ስማቸው ወረቀቱ ላይ አለ። የተጠኑት ሰዎች ስም የለም፤ ደንቡም ነው። እነሱ ግን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ፣ ከትግራይ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ቆላ ያለ ሰው «ሳሉግ» ይላቸዋል። ፊርማ የማይችለው የስምምነት ቅጹ ላይ በጣቱ ፈረመ። ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል ተመልሶ መጣ። ያለ እሱ መመለስ «91» የሚባል ቁጥር አይኖርም ነበር። የትራንስፖርት ብር ይከፈለዋል፤ እውነት ነው። ለዚያ ሲል የመጣ ካለም አልፈርድበትም።

ያልተሠራውንም ልንገራችሁ፤ ሥራው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ እዚህ አካባቢ የሕንድን ያህል አያስተማምንም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አሁንም ጣፊያ ወይም መቅኒ በመርፌ እንቀዳለን። ጣፊያ ሲቀዳ የመድማት አደጋ አለ። ደጋ ላይ ፊት የሚያበላሸው ቁንጭር፣ ከሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ የሚመጣው፣ የካላዛርን ያህል እንኳ ተመራማሪ አላገኘም። ባንግላዴሽ በ2023 ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አወጣች። እኛ ጋ በተቃራኒው ነው፤ በ2022 ከዓለም የካላዛር ታማሚዎች 73 በመቶው ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነበሩ።

እንግዲህ ነገ ጤና ጣቢያ ስትመደቡ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው ሁለት ነገር አድርጉለት። «ቆላ ወርደህ ነበር?» በሉት። ከዚያ አስተኙትና ጣፊያውን ዳብሱ። ማሽን አይጠይቅም፣ በጀት አይጠይቅም።

ልጁ ሠላሳውን ቀን ጨርሶ ወጣ። አጨዳው አለፈው። በሚቀጥለው ዓመት ከመተማ ደወለልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ አብሮት የሚያርም ጓደኛው ሁለት ሳምንት ትኩሳት እንደያዘው፣ «ወባ ነው» እንደተባለ፣ እሱ ግን ሆዱን በእጁ ዳብሶ እንዳልተዋጠለት ነገረኝ። «ልላከው ወይ ዶክተር?»

ዛሬውኑ ላከው አልኩት። በማግስቱ በአውቶቡስ ደረሰ። ልክ ነበር።

አመሰግናለሁ።