ተቀናቃኝ ሲሸነፍ ለምን እንጨፍራለን? የፍሎሪዳ ጌተርስና የጎረቤቶቹ ነገር

(በምስል፦ የጌይንስቪል ስታዲየም ከላይ ሲታይ)

ኖቬምበር 23፣ 2013፣ ቅዳሜ። ቦታው ጌይንስቪል፣ ፍሎሪዳ። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን፣ ጌተርስ፣ በገዛ ሜዳው ከጎረቤት ግዛት በመጣው በጆርጂያ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን 26 ለ 20 ተሸነፈ።

ውጤቱ ብቻውን ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ግን ይኼን ስሙ። አሸናፊው ቡድን ያን ቀን አንድ ኳስ እንኳን ወደፊት ወርውሮ አላሳካም። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስቱም ከሸፉ። ጌተርስን የረታው በሩጫ ነው።

ዛሬ ይበልጡን የማወራችሁ ያን ቀን ጌይንስቪል ስላልነበሩ ሰዎች ነው። ስለ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች፣ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ስላለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ፍሎሪዳ ስቴት ደጋፊዎች፣ በየጎረቤቱ ስላሉት የጌተርስ ባላንጣዎች። ከጌተርስ ጋር የተጋጠመው የነሱ ቡድን አልነበረም። ነጥብም ዋንጫም አላገኙበትም። ደስታቸው ግን ጣሪያ ነካ። ለምን?

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ። በአሜሪካ ፉትቦል አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል። ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። ወይ ታቅፎት ይሮጣል፣ ወይ ለጓደኛው ይወረውራል። የመጨረሻውን መስመር ይዞት ካለፈ ተችዳውን ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ በእግሩ መትቶ በምሰሶዎቹ መሀል ካሳለፈው አንድ ይጨመርለታል። ለዛሬ ይኼ ይበቃናል።

ጉዳዩን ትልቅ ያደረገው የሁለቱ ቡድኖች ደረጃ ነው። የኮሌጅ ፉትቦል ዋናው ዲቪዚዮን የላይኛውና የታችኛው ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ያኔ የላይኛው ምድብ ቡድን ለ85 ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ መስጠት ይችል ነበር፤ የታችኛው ግን ለ63 ብቻ። ጌተርስ ከላይኞቹም ቁንጮ ከሚባሉት አንዱ ነው። ኤስኢሲ የሚባለው ኃይለኛ ሊግ ውስጥ ይጫወታል። በ1996፣ በ2006 እና በ2008 የውድድር ዘመን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ከታችኛው ምድብ በመጣ ቡድን ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ጆርጂያ ሳውዘርን ደግሞ ያኔ እዚያው ታችኛው ምድብ ውስጥ ነበር።

ታዲያ ለምን ተጋጠሙ? በገንዘብ ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች በየዓመቱ አንድ ሁለት ትንንሽ ቡድኖችን ከፍለው ያስመጣሉ። ትልቁ ቀላል ድል ያገኛል፤ ትንሹ በጀቱን ይደጉማል። ጌተርስ ለዚህ ጨዋታ የከፈለው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። የባላንጣዎቹ ተረብ ግማሹ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፦ ሽንፈቱን በገንዘባቸው ገዝተው አመጡት!

(በምስል፦ የሩጫው አጨዋወት በቀስቶች ሲታይ)

አሁን ወደ ሜዳው። ሳይወረውሩ ማሸነፍ እንዴት ይቻላል? ጆርጂያ ሳውዘርን የሚጫወተው ትሪፕል ኦፕሽን በሚባል ስልት ነበር። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ኳሱን ይቀበላል። ፊት ለፊቱ ካሉት ተከላካዮች አንዱን ሆን ብለው ሳይነኩት ይተዉታል። የኳርተርባኩ ዓይን እሱ ላይ ነው። ያ ተከላካይ ውጭ ቆሞ ከጠበቀ፣ ኳሱ በመሀል ለሚሮጠው ይሰጣል። ወደ መሀል ከገባ፣ ኳርተርባኩ ራሱ ይዞት ወደ ጎን ይሮጣል። እዚያም ሌላ ሰው ከጠበቀው፣ አጠገቡ ለሚሮጠው ጓደኛው ወደ ጎን ያቀብለዋል። ይኼ ሁሉ በዓይን ቅጽበት ነው የሚወሰነው።

እዚህ ላይ ግዙፍነት ብዙ አያዋጣም። የሚያዋጣው እያንዳንዱ ተከላካይ የራሱን ሰው ብቻ መጠበቁና ቦታውን አለመልቀቁ ነው። እንዲህ ያለ ስልት በዓመት አንዴ የሚገጥመው ቡድን በአንድ ሳምንት ልምምድ አይለምደውም። ጆርጂያ ሳውዘርን ያን ቀን በሩጫ ብቻ 429 ያርድ አገኘ። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ጄሪክ ማኪነን፣ በኋላ ኤንኤፍኤል በሚባለው የፕሮፌሽናል ሊግ ውስጥ ረጅም ዓመት የተጫወተው ልጅ፣ 14 ያርድ ሮጦ ገባ። 26 ለ 20። ጌተርስ አንድ ተችዳውንና አንዷን ተጨማሪ ነጥብ ቢያገኝ ያሸንፍ ነበር። አላገኘም።

ስለ አሸናፊዎቹ ትንሽ ካልነገርኳችሁ ቅር ይለኛል። ጆርጂያ ሳውዘርን ስቴትስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ፉትቦሉን አቁሞ አርባ ዓመት ያህል ሳይጫወት ኖረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንደገና ያቋቋመው ኧርክ ራስል ነው። ራስል ከዚያ በፊት የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የተከላካይ አሰልጣኝ ነበር፤ በ1980 ሻምፒዮን የሆነውን ቡድን መከላከያ የመራው እሱ ነው። ያንን ትልቅ ቤት ትቶ ምንም ወደሌለው ኮሌጅ ሄደ። በልምምድ ሜዳው አጠገብ የሚያልፈውን ተራ የውሃ መውረጃ ቦይ ኢግል ክሪክ ብሎ ሰየመው። ከሜዳቸው ውጭ ሲጫወቱ ከዚያ ውሃ በጆግ እያስያዘ የባላጋራው ሜዳ ላይ ያስረጨው ነበር። እሱ ብቻ በ1985፣ በ1986 እና በ1989 ሦስት የታችኛው ምድብ ዋንጫ በላ። ቡድኑ በጠቅላላው ስድስት አለው። ስለዚህ ጌይንስቪል የመጣው ቡድን ትንሽ ይሁን እንጂ ማሸነፍን የሚያውቅ ቤት ነው።

ጌተርስ ግን በዚያን ጊዜ ቆስሎ ነበር። በ2012 ከ13 ጨዋታ 11 ያሸነፈ ቡድን በ2013 ፈራረሰ። ዋናው ኳርተርባክ በሴፕቴምበር ከቴነሲ ጋር ሲጫወቱ እግሩ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተጎዳ። ከጆርጂያ ሳውዘርን ጋር የተሰለፈው ሦስተኛው ልጅ ነው። ሽንፈት በሽንፈት ላይ ተደራረበ፤ ቫንደርቢልት እንኳን ጌይንስቪል ድረስ መጥቶ አሸነፋቸው፤ ይኼ ከ1945 ወዲህ ሆኖ የማያውቅ ነው። የዓመቱ መጨረሻ 4 ድል፣ 8 ሽንፈት።

ከዚያ ጨዋታ አንድ ቅጽበት አለች፤ ብዙ ሰው ያያት። ሁለት የጌተርስ ተጫዋቾች ናቸው። ሥራቸው ኳስ ለያዘው ጓደኛቸው መንገድ መክፈት ነው። ግን ባላጋራውን ትተው እርስ በርሳቸው ተያዙ። እጅ ለእጅ ተቆላልፈው ይገፋፋሉ፤ ማልያቸው አንድ ዓይነት ሆኖ። የባላንጣ ደጋፊዎች ይቺን ምስል እስከዛሬ ያወጧታል። ስለ ዓመቱ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

(በምስል፦ ቀይና ጥቁር የለበሱ የጆርጂያ ደጋፊዎች)

አሁን ወደ ባላንጣዎቹ። ከጆርጂያ እንጀምር፤ የእነሱ ቂም ይጠልቃል። አትላንታና አካባቢው ያላችሁ ተመልካቾች ይኼን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የጆርጂያና የፍሎሪዳ ጨዋታ በየዓመቱ በአብዛኛው ጃክሰንቪል ላይ ይካሄዳል፤ ስታዲየሙ እኩል ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊና ብርቱካናማ። ከ1990 እስከ 2010 ድረስ ከተደረጉት 21 ጨዋታዎች ፍሎሪዳ 18ቱን አሸነፈ። እስቲ አስቡት። በዚያ ዘመን የተወለደ የጆርጂያ ደጋፊ ልጅ ድልን ያየው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ሽንፈቱ ብቻም አይደለም። የያኔው የፍሎሪዳ አሰልጣኝ ስቲቭ ስፐሪየር አፉ ስለት ነበር። ካሸነፈ በኋላም ያበሽቃል። በ1995 የጃክሰንቪል ስታዲየም እየታደሰ ስለነበር ጨዋታው ጆርጂያ ሜዳ፣ አቴንስ ላይ ሆነ። ስፐሪየር እዚያ ሜዳ ላይ 50 ነጥብ ያገባ እንግዳ ቡድን እንደሌለ ሰምቶ ነበር። ጨዋታው አብቅቶለት ሳለ እየወረወረ 52 ለ 17 ጨረሰው። የጆርጂያ ሰው ይኼን አይረሳም። ልጁም አይረሳም፤ አባቱ ነግሮታል።

ስለዚህ በ2013 የሳቁት ሰዎች በአንድ ቅዳሜ ውጤት ብቻ አይደለም የሳቁት። የሃያ ዓመት ብድር እየሰበሰቡ ነው። ደግሞ ብድሩን የመለሰላቸው ማን ነው? የገዛ ግዛታቸው ልጅ፣ ያውም የቀድሞ አሰልጣኛቸው ያቋቋመው ቡድን። አንጀት ያርሳል! ይኼ ደስታ ክፋት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ለሃያ ዓመት ተበሽቆ አንድ ቀን መሳቅ መብት ነው።

ያ ቀን ለነሱም ሙሉ ደስታ እንዳልነበረ ግን ልብ በሉ። በዚያው ምሽት ጆርጂያ ኬንታኪን 59 ለ 17 ሲያሸንፍ፣ የቡድኑ ኮከብ ኳርተርባክ አሮን መሪ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። አራት ዓመት ሙሉ የተሰለፈላቸው ልጅ፣ የመጨረሻው የሜዳው ጨዋታ ላይ። የፍሎሪዳን ውጤት አይተው የሳቁ ሰዎች ከሰዓታት በኋላ ጭንቅላታቸውን ይዘው ነበር።

የፍሎሪዳ ስቴት ደጋፊዎች ነገር ይለያል። እነሱ ያን ዓመት አንድም ጨዋታ አልተሸነፉም። በዚያው ቅዳሜ አይዳሆን 80 ለ 14 ደብድበዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚገጥሙት ደግሞ ጌተርስን ነው። ሳቁ፤ እንዴት አይስቁ? ግን ነገሩን የሚያሰላ ደጋፊ ትንሽ ይቆረቁረዋል። ያኔ ለአገሪቱ ዋንጫ የሚያልፉት ሁለት ቡድኖች የሚመረጡት በድምፅና በኮምፒውተር ስሌት ነበር፤ የኮምፒውተሩ ድርሻ አንድ ሦስተኛ ነው። ኮምፒውተር ያሸነፍከው ቡድን ማን እንደሆነ ያያል። ባላንጣህ በጣም ከወደቀ፣ እሱን ማሸነፍህም ዋጋው ይወርዳል። ለነሱ ደግነቱ ጉዳት አላመጣባቸውም። ጌተርስን 37 ለ 7 አሸንፈው፣ በጃንዋሪ 2014 ኦበርንን 34 ለ 31 ረተው ዋንጫውን ወሰዱ።

ስፐሪየር ራሱስ? ያኔ የሳውዝ ካሮላይና አሰልጣኝ ነበር። ከዚህ ጨዋታ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የድሮ ቤቱን 19 ለ 14 አሸንፎታል።

ይኼ ስሜት አሜሪካ ብቻ ያለ አይደለም። ቡና ወይ ጊዮርጊስ ባልተጠበቀ ቡድን ሲረታ በሌላው ሰፈር ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ሳይንሱም ነክቶታል። በ2011 የታተመ የነሚና ሲካራ ጥናት የኒው ዮርክ ያንኪስና የቦስተን ሬድ ሶክስ የቤዝቦል ደጋፊዎችን አንጎል በመሣሪያ ተመለከተ። ባላንጣቸው ሲከሽፍ፣ ያውም በሌላ በሦስተኛ ቡድን ሲከሽፍ ሲያዩ፣ ደስታና ሽልማት ሲሰማን የሚነቃው የአንጎል ክፍል ነቃ። ማለት የጆርጂያ ደጋፊ ደስታ ማስመሰል አይደለም። የምር ደስታ ነው።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አገኘ። ያ የአንጎል ክፍል ይበልጥ የነቃባቸው ሰዎች የባላንጣን ደጋፊ ለመሳደብ፣ ለማስፈራራት፣ ለመምታትም ይበልጥ ዝግጁ ነን ብለው ነበር። እዚህ ላይ ነው እኔ ቆም የምለው። ዩኒቨርሲቲውን ተርቡት። ሚሊዮኖች የሚከፈለውን አሰልጣኝ ተርቡት። ከፍሎ የተሸነፈውን ቢሮም ተርቡት፤ የሚገባው ነው። ግን ሜዳ ላይ የነበሩት ልጆች የ19 እና የ20 ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ያኔ ከስኮላርሺፕ ያለፈ ክፍያ አልነበራቸውም፤ በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደው በ2021 ነው። እርስ በርስ የተያዙት ሁለቱ ልጆች ምስል ያስቃል፤ እኔንም አስቆኛል። የልጁን አካውንት ፈልጎ ስድብ መላክ ግን ብሽሽቅ አይደለም። ስማቸውን ያልጠራሁት ለዚህ ነው።

የጌተርስ ደጋፊዎችስ ምን አደረጉ? በ1976 ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የዩኒቨርሲቲውን ልብስ ይበልጥ ይለብሳሉ። ስለ ድል ሲያወሩ «እኛ አሸነፍን» ይላሉ፤ ስለ ሽንፈት ሲያወሩ ግን «እነሱ ተሸነፉ» ማለት ይቀናቸዋል። ለኔ ትልቁ ደጋፊ በዚያ ሰኞ ጠዋት ጌይንስቪል ውስጥ ሰማያዊና ብርቱካናማውን ለብሶ የወጣው ነው።

(በምስል፦ ጃክሰንቪል፣ 2014)

የጌተርስ አሰልጣኝ የዊል መስቻምፕ ስንብት ያን ዓመት አልመጣም፤ ለ2014ም ቀጠለ። ጌተርስም ያው የሚንገዳገድ ቡድን ሆኖ ኖቬምበር 1፣ 2014 ጃክሰንቪል ደረሰ። የጆርጂያ ደጋፊዎች ተዝናንተው ነበር የመጡት፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፈዋላ። ፍሎሪዳ ያን ቀን የወረወረው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው፤ የተሳካው ሦስቱ። ቀሪው ሩጫ ነበር፤ 418 ያርድ! ከዓመት በፊት ጆርጂያ ሳውዘርን እነሱን እንዳደረገው ማለት ነው። ጌተርስ 38 ለ 20 አሸነፈ።

የጆርጂያ ጉዳት እዚያ አላበቃም። ያን ዓመት ኤስኢሲ ውስጥ ባሉበት ምድብ አንደኛ የወጣው ሚዙሪ ነው፤ ጆርጂያ ራሱ 34 ለ 0 ያሸነፈው ሚዙሪ። ጆርጂያ ፍሎሪዳን ቢያሸንፍ ኖሮ ከሚዙሪ ጋር እኩል ሆኖ፣ እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ በልጦ፣ ለሊጉ ዋንጫ የሚያልፈው እሱ ነበር። ያለፈው ሚዙሪ ሆነ፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ የመሳቁ ተራ የጌይንስቪል ነበር።