ኤልያስም ፈርቶ ነበር (ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ በዋናነት የማወራው ለጂሲዎች፣ ለተመራቂዎቹ ነው፣ ሌሎቻችሁም ወረፋው ይደርሳችኋልና አብራችሁ ስሙ።

ይሄ ሰሞን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ላይብረሪው ሌሊቱን ሙሉ ሰው አያጣም፣ ዶርም የገባውም ይገላበጣል እንጂ አይተኛም። ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም፣ የመውጫ ፈተናውን፣ ሳያልፉ መመረቅ ቀርቷል፣ ከመቶ 50 ካልመጣ ያ ሁሉ አመት የተለፋበት ነገር ይንጠለጠላል። እናንተ ደግሞ ፈተና ምን እንደሚያረግ በአይናችሁ ያያችሁ ትውልድ ናችሁ፣ በ2014 የ12ኛ ክፍል ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በቀጣዩ አመት ደግሞ 3.2፣ አብረዋችሁ ያደጉ ልጆች እዛው ሲቀሩ አይታችኋል። ስለዚህ ፈተና የሚል ቃል ሲነሳ ደረታችሁ ቢመታ ማንም ሊፈርድባችሁ አይገባም። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ ከዛ በኋላ ስራ አለ፣ ልጄ ሊመረቅ ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ የነገረች እናት አለች፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ቤተሰቦቻችሁ ያሉበት አካባቢ ሰላም የለም፣ ስልክ አልሰራ ባለ ቁጥር የምታስቡትን እናንተና ጌታ ናችሁ የምታውቁት።

እና እንዲህ ሆናችሁ ቸርች ስትመጡ ምንድነው የሚነገራችሁ? "እምነት ካለህ አትፈራም።" በቃ። አንድ የተጨነቀ ልጅ ይሄን ሰምቶ ሲወጣ ጭንቀቱ ሁለት ይሆናል፣ የመጀመሪያው እንዳለ ሆኖ አሁን ደግሞ አማኝ አይደለሁም ማለት ነው ብሎ ይጨነቃል። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። አትፍራ የሚለው ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ 365 ጊዜ አለ፣ ለየቀኑ አንድ፣ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ ቁጥሩ እንኳን እዛ አይደርስም፣ ግን ዋናው ነገር ለማን ነው የተባለው የሚለው ነው። ላልፈራ ሰው አትፍራ አይባልም። ጌዴዎን ተደብቆ ስንዴ ሲወቃ ነው የተገኘው፣ ማርያምም መልአኩ ሲያናግራት ደንግጣ ነበር። ኢሳይያስ 41 ላይም "እኔ ከአንተ ጋር ነኝና አትፍራ" ነው የሚለው፣ ምክንያቱ አብሮት ነው የመጣው፣ ቁጣ አይደለም።

ዛሬ ግን ረዘም አርጌ ማየት የምፈልገው ኤልያስን ነው፣ 1ኛ ነገሥት 19። ይሄ ሰውዬ ከዛ በፊት በነበረው ምዕራፍ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ 450 የበኣል ጣዖት ነቢያት ፊት ብቻውን ቆሞ እሳት ያወረደ ሰው ነው። ከዛ ንግሥቷ ኤልዛቤል ነገ በዚህ ሰአት እገልሃለሁ ብላ መልእክት ላከችበት፣ አንድ መልእክት ብቻ፣ ሮጠ። ቤርሳቤህ ሲደርስ አገልጋዩን እዛ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ምድረ በዳ ገባና ክትክታ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ነፍሴን ውሰድ አለ። "ይበቃኛል" ነው ያለው። ይቺን ቃል በልባችሁ ያላችሁ እዚህ ትኖራላችሁ፣ ነቢይም ብሏታል።

እግዚአብሔር ምን አረገ? አልገሰጸውም። ትናንት እሳት አውርጄልህ አልነበር ወይ አላለውም። እንዲተኛ ተወው። ከዛ መልአክ ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው፣ ቀና ሲል ራስጌው እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውሃ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ! እና መልአኩ አልተናደደም፣ ሁለተኛ መጥቶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ስብከቱ ገና አልተጀመረም እኮ። እንቅልፍና ምግብ ነው የቀደመው። ስለዚህ ሶስት ቀን ሳትተኙ በቡና ብቻ እያጠናችሁ ጸሎቴ አልሰማ አለኝ የምትሉ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ተኙ፣ ካፌ ግቡና ብሉ፣ ይሄ መንፈሳዊ ያልሆነ ምክር እንዳይመስላችሁ፣ ከመልአክ የተገኘ ነው።

ከዛ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ተራራ ደረሰ፣ ነፋሱ አለፈ፣ የምድር መናወጡ አለፈ፣ እሳቱ አለፈ፣ ከዛ ነው ትንሿ ድምፅ የመጣችው። እዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠየቀው። ኤልያስ ያለውን ሁሉ አወጣ፣ "እኔም ብቻዬን ቀርቻለሁ" አለ፣ እግዚአብሔርም እስከ መጨረሻው ሰማውና ሂድ፣ ስራ አለህ፣ ኤልሳዕን ቀባው፣ ደግሞም ለበኣል ያልሰገዱ 7000 አሉኝ አለው። አያችሁ? ብቻዬን ነኝ ላለው ሰው ሰው ነው የሰጠው።

ጳውሎስም ጋ ይሄው ነው። በአንዳች አትጨነቁ ብሎ የጻፈው ራሱ ጳውሎስ 2ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ መቄዶንያ ስንደርስ በውጭ ጠብ በውስጥ ፍርሃት ነበረብን ይላል፣ ከዛም እግዚአብሔር በቲቶ መምጣት አጽናናን ይላል። ጓደኛው መጣለት፣ በቃ።

እኛ ሀገር ደግሞ ይሄን በህይወታቸው ያሳዩ አሉ። በደርግ ጊዜ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከሀገር የመውጣት እድል ቀርቦላቸው ህዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፣ በ1971 ተወስደው ተገደሉ። በ1974 መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ አባላቷ 5000 ገደማ ነበሩ፣ ህንጻዎቿ ተወሰዱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ፣ ሰዉ ግን ጥቂት ጥቂት እየሆነ በየቤቱ ተገናኘ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አጠና፣ ተጸላለየ። ደርግ ወድቆ እንደገና በግልጽ ሲሰበሰቡ 34000 ገደማ ሆነው ነው የወጡት። እነዛ ሰዎች አልፈሩም ነበር ብዬ አላምንም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ማን ነው ብለው የሚደነግጡ ሰዎች ነበሩ። ግን ብቻቸውን አልፈሩም፣ ፍርሃታቸውን ይዘው አንድ ላይ ጌታ ፊት ተንበረከኩ፣ እምነት የምለው ይሄን ነው።

እና አንድ ነገር ልጨምር። ጭንቀቱ ወር ሁለት ወር አልፎም ካለቀቃችሁ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ለሰው ንገሩና ወደ ክሊኒክ ሂዱ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድሃኒት መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም። የፌሎሺፕ፣ የተማሪዎች ህብረታችን፣ መሪዎች ደግሞ፣ አንድ ልጅ መጥቶ እንዲህ ሆኛለሁ ሲላችሁ መጀመሪያ በልተሃል ወይ በሉት፣ ከዛ አዳምጡት፣ ከዛ ጸልዩለት፣ የሚያስፈልግ ከሆነም ክሊኒክ ድረስ አብራችሁት ሂዱ።

1ኛ ጴጥሮስ 5 "እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት" ይላል። ሁሉ ነው ያለው፣ ጂፒኤውንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ ስልኩ የማይሰራውን ቤተሰብም። አሁን ሁለት ሁለት ሁኑ። ከጎናችሁ ላለው ሰው የፈራችሁትን ነገር በስሙ ንገሩት፣ አታሳምሩት፣ ሰሚውም ምክር አይስጥ፣ የሰማውን ይዞ ይጸልይለት ብቻ። ከዛ ተራ ተቀያየሩ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ካያችሁ ሶስት ሁኑ። አስር ደቂቃ አለን፣ ጀምሩ።