ከጥቅሱ የቆረጥነው ግማሽ

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ወንጌላውያን፣ እናቶችና አባቶች፣ ከየአጥቢያው ወደዚህ ወደ ሶዶ የመጣችሁ አገልጋዮች፤ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ስለ ድል ይህን ያህል እየዘመርን ለምን ተሸንፈን እንደምንኖር እንድናገር ስትጠይቁኝ ቶሎ እሺ አላልኳችሁም። የዘገየሁት መልሱን በራሴ ቤት ስለማውቀው ነው። ወደዚያ እመጣለሁ፤ አሁን ግን ሁላችንም በቃላችን በምናውቀው ጥቅስ ልጀምር።

ራእይ 12፥11። በሌሊት ጸሎት፣ በጾም፣ በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ “ከበጉ ደም የተነሣ ከምስክራቸውም ቃል የተነሣ ድል ነሡት” እንላለን። አሜን፣ እውነት ነው። ጥቅሱ ግን ይቀጥላል፤ “ነፍሳቸውንም እስከ ሞት ድረስ አልወደዱም” ይላል። ይህችን ሐረግ በጸሎት መሐል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችሁት መቼ ነው? እኔ አላስታውስም። “ከአሸናፊዎች እንበልጣለን” የሚለውንም በታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ በየሱቁ ግድግዳ ተሰቅሎ እናየዋለን። ከእሱ በላይ ያለው ቁጥር ቀኑን ሁሉ ስለሚገደሉ፣ እንደሚታረዱ በጎች ስለተቆጠሩ ሰዎች ይናገራል። ጳውሎስ “በዚህ ሁሉ” ያለው መከራን፣ ስደትን፣ ራብን፣ ራቁትነትን፣ ሰይፍን ዘርዝሮ ሲያበቃ ነው። በመከራው ውስጥ እንዳሉ ነው አሸናፊ ያላቸው።

ወገኖቼ፣ እኔ ችግራችን ይህ ይመስለኛል። ጥቅሱን ከመሐል ቆርጠን ተስፋውን ወሰድን፤ ዋጋውን ለመጽሐፉ ተውንለት። ከዚያ በኋላ ድል ማለት ቪዛ ሆነ፣ ቤት ሆነ፣ እድገት ሆነ። እነዚህን ከጌታ መለመን ነውር የለበትም፤ እኔም እለምናለሁ። ነገር ግን የድል መለኪያ ስናደርጋቸው ሁለት ዓይነት ሰው አሳደግን። አንዱ ያገኘ ነው፤ እንዴት እንዳገኘ ማንም አይጠይቀውም፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ይመሰክራል። ሌላው ያላገኘ ነው፤ ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥቂት ልቆይ። በምናገለግልበት አጥቢያ ሁሉ ልጅዋን የቀበረች እናት አለች። ጾማለች፣ ዘይት ተቀብታለች፣ “ይነሣል” የሚል ትንቢት ተነግሯታል፤ ልጁ ግን ሞተ። ከሳልስት በኋላ አንድ አገልጋይ ቤቷ መጥቶ “እምነትሽ ላይ ችግር ነበረ” ይላታል። ይህን ያደረግን ሰዎች ንስሐ ያስፈልገናል። ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሴቶች ሙታናቸውን በትንሣኤ ተቀበሉ ይላል፤ ወዲያው ከዚያው ቁጥር ጀምሮ ስለ ሌሎች ይናገራል፤ ስለ ተደበደቡት፣ በድንጋይ ስለ ተወገሩት፣ በመጋዝ ስለ ተሰነጠቁት። ሁለቱንም ወገኖች በአንድ እምነት ነው የሚቆጥራቸው። ያቺ እናት ልጅዋን አፈር አልብሳ በሚቀጥለው እሑድ መጥታ “ጌታ ሆይ” ካለች፣ በመካከላችን ካለን ሁሉ ድል ነሺዋ እሷ ናት። ወደ ፊት ወንበር አምጡአት።

አሁን ስለዚህች ስለቆምንባት ምድር ልናገር። ወንጌልን ያመጡልን የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታ የመጡት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ነው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ በ1937 ሲወጡ፣ ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ 48 ብቻ ነበር። የታተመ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አልነበራቸውም፤ ሕንፃ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ከውጭ የሚላክ ብር አልነበራቸውም። መሪዎቻቸው ታሰሩ። ከመሪዎቹ አንዱን፣ ዋንዳሮን፣ በሕዝብ ፊት ገረፉት። እስረኛውን ወህኒ ቤት አይቀልበውም ነበርና፣ አማኞች ስንቅ ተሸክመው ረጅም መንገድ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ዘመድ ላልሆነ ሰው! ያላመነው ጎረቤት ይህንን እያየ “እነዚህ ሰዎች ምን አግኝተው ነው?” ብሎ ጠየቀ። ሚሲዮናውያኑ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚገመት አማኝ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ በወላይታ ከ10 ሰው 7ቱ ፕሮቴስታንት መሆኑን አሳይቷል። ጌታ ይመስገን። ግን ይህን ቁጥር ይዤ ቅዳሜ ወደ ገበያ ስወርድ ልቤ ያዝናል። ቅቤው ውስጥ ሙዝ የሚቀላቅለው ማነው? ሚዛኑን የሚያዛባው ማነው? በቢሮ ውስጥ ፋይል ደብቆ ባለጉዳይ የሚያመላልሰው፣ በፍርድ ቤት መሐላ ምሎ በሐሰት የሚመሰክረው ማነው? ከ10ሩ የቀሩት 3 ብቻ ናቸው እንበል? አንችልም። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት በአፋችን አንናገረውም፤ ብዙዎቻችን ግን ኖረነዋል፤ ካገኘነውም አሥራት አውጥተናል። ቤተ ክርስቲያንም ተቀብላለች።

ያለፉት ዓመታት ጦርነትስ? አንድ ጌታ የምናመልክ ሰዎች የየራሳችንን ወገን ሙታን ብቻ አለቀስን። የሌላው ብሔር እናት ስታለቅስ በስልካችን የጻፍነውን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። ማንም አስገድዶን አልጻፍነውም።

ከ48ቱ ምን ነበር የጎደለን? መንፈስ ቅዱስ ያው ነው። እኔ የሚመስለኝ፣ እነሱ ጌታን ሲቀበሉ ምን እንደሚያስከፍላቸው አውቀው ነው የገቡት። ጥምቀት የሚጠይቅ ሰው ኑሮው ይታይ ነበር፤ ከጎረቤት፣ ከትዳር፣ ከዕዳ፣ ከቂም ጋር ያለው ነገር ይመረመር ነበር። እኛ በኮንፈረንስ እጅ ያነሡትን ቆጥረን ሪፖርት እንጽፋለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ያ ሰው ሰኞ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው የለም።

በደርግ ጊዜ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋውን ትቼ አልሄድም አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ብዙ ተሠቃይተው አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። ዛሬ በምንጸልይበት የድል መለኪያ ብንለካቸው እኒህ ባልና ሚስት ተሸናፊዎች ናቸው። መለኪያው ተበላሽቷል የምለው ለዚህ ነው።

የኢያሱን ምዕራፍ 7 ክፈቱልኝ። ኢያሪኮ በእልልታ ወደቀች፤ ትንሿ ጋይ ግን እስራኤልን አሸነፈች። 3,000 ሰው ወጥቶ 36 ሰው ሞተ። ኢያሱ ልብሱን ቀደደ፣ በግንባሩ ተደፋ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትቢያ ነስንሶ እስኪመሽ ድረስ ጸለየ። ይህ የእኛ የጾም ጸሎት ፕሮግራም ነው፤ ምንም አልጎደለውም። እግዚአብሔር ግን “ቁም” አለው። ለምን በግንባርህ ተደፍተሃል? እስራኤል በድሏል። በአንድ ሰው ድንኳን ውስጥ፣ ከመሬት ሥር፣ ከኢያሪኮ ምርኮ የተሰረቀ አንድ ያማረ ካባ፣ ብርና ወርቅ ተቀብሮ ነበር። በዚያች ሰዓት ጸሎት የሚፈታው ነገር አልነበረም፤ ጉድጓዱ መቆፈር ነበረበት።

ይህን ክፍል ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። የእኔን ድንኳን ግን ሳልቆፍር ነው ያስተማርኩት።

አባታችን ሲሞት የእንሰትና የቡና ቦታ ትቶልን ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ በድንበሩ ተጣላን። ሽማግሌ ገባ፣ ነገሩ ለእኔ ተፈረደልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። እውነቱን ለመናገር የተፈረደልኝ አፌ ስለሚሰማ ነው፤ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆኔን አይቶ አምኖኛል። ድንበሩ የት እንደነበረ እኔ አውቃለሁ። የወንድሜ ልጅ ስታገባ አልሄድኩም፤ ያን ቀን በሌላ ከተማ ስለ ድል ነሺ ሕይወት እሰብክ ነበር። ጸሎቴ ደርቆ ነበር። ደረቅነቱን የጠላት ውጊያ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ረጅም ጾም ጾምኩ፤ ወንድሞች እጅ ጭነው ጸለዩልኝ።

አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ አንዲት አሮጊት እናታችን፣ ማንበብ የማይችሉ፣ በር ላይ ጠበቁኝ። “ልጄ፣ ወንድምህ ደኅና ነው?” አሉኝ። ዝም አልኩ። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል” አሉኝና በትራቸውን ይዘው ሄዱ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላም ወዲያው አልሄድኩም፤ አራት ወር ፈጀብኝ። ያስፈራኝ ቦታው አልነበረም፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነበር። የሄድኩ ቀን ወንድሜ በሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ድንበሩን አብረን ለካን፣ ድንጋዩን ከነበረበት ቦታ መለስነው። እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ ያን ቀን አልተቃቀፍንም። ሚስቱ ቡና አፈላች፤ ሦስተኛው ሲኒ ድረስ ስለ ዝናብ ብቻ ነው ያወራነው። ዛሬም ሙሉ በሙሉ እንደ ልጅነታችን አይደለንም። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ተንበርክኬ “አባታችን ሆይ” ስል “በደላችንን ይቅር በለን” የምትለዋ ላይ ሳልሰናከል አለፍኩ። ከሰባት ዓመት በኋላ።

ሁሉም ሽንፈት ከተቀበረ ኃጢአት ይመጣል እያልኩ አይደለም። የሚታመም ይታመማል፤ መንፈሱ በኀዘን የተሰበረ ሰው አለ፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ጭንቀት አለ። ለእነሱ ቆፋሪ አትሁኑባቸው። እኔ የምናገረው ለራሳችን ነው፤ መድረክ ለያዝነው፣ የተቀበረው የት እንዳለ ማንም ሳይነግረን ለምናውቀው።

በፕሮግራማችሁ ላይ ከእኔ ቀጥሎ የጸሎት ሰዓት ተጽፏል። መሪዎቹን ለምኜ ለግማሽ ሰዓት እንዲዘገይ ፈቅደውልኛል። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ላይ ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏልና፣ ዛሬ ቃል በቃል እናድርገው። ስልክ መደወል ያለበት ሰው ወደ ውጭ ይውጣና ይደውል። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው የሚፈልግ ተነሥቶ አጠገቡ ይሂድ። የሰው ገንዘብ በእጁ ያለ፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚመልስ በወረቀት ይጻፍ። ማንም ወረቀቱን አይሰበስብም። መዘምራን እባካችሁ አትዘምሩ፤ በዝምታ ይሁን። በሮቹ ተከፍተዋል።